የመጨረሻው ጥራዝ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ነው

እንግዳ ነገር የሞላበት የሳይንስ ልብወለድ፣ በተለይ ፍቅር ሲገባበት፣ ለመጀመር ቀላል ነው። ልጅቷ ገና ካልደረሰ ዘመን ትመጣለች፤ ልጁ ግማሽ አካሉ ማሽን ይሆናል፤ ከተማው አንድ ሌሊት ከካርታ ላይ ጠፍቶ ያድራል። አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ጭንቁ የሚመጣው ሰባት ስምንት ጥራዝ ከተሄደ በኋላ ነው። ያ ሁሉ እንግዳ ነገር ምን እንደነበረ መነገር አለበት፤ ሁለቱ ልጆችም አንድ ቦታ መድረስ አለባቸው፤ ሁለቱ ነገር ደግሞ ባንድ ጊዜ ይፈለጋል። ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ አንዱን ይጥላል። ወይ እንቆቅልሹን ሲፈታ ፍቅሩን ይረሳዋል፣ ወይ ፍቅሩን ሊያሳካ ሲል ራሱ ያቆመውን ዓለም ያፈርሳል።

ሐዋሳ ተቀምጬ የሥዕል ታሪክ እሠራለሁ። እንጀራዬ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሠርግ መጥሪያና የቲሸርት ጽሑፍ ነው፤ ማታ ማታ ግን ገጽ እሥላለሁ። የጃፓኖቹን ማንጋ የማነበው ወድጄው ነው፤ ሙያውን ልማርበትም ነው። የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ስደርስ ጨርሼ አልዘጋውም። ወደ አንደኛው ጥራዝ እመለስና ፍጻሜው የት የት ላይ እንደተዘራ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስለ ታሪክ አጨራረስ የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት ከዚህ ልማድ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ «ቾቢትስ» ነው። ክላምፕ በሚል የጋራ ስም የሚሠሩ አራት ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 በያንግ ማጋዚን መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጡት፤ ሲሰበሰብ 8 ጥራዝ ሆነ። ሂደኪ የሚባል የሆካይዶ ገጠር ልጅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አላልፍ ይለውና ለዝግጅት ትምህርት ቶኪዮ ይገባል። ዘመኑ ሰው ሁሉ ሰው የሚመስል ኮምፒውተር ይዞ የሚሄድበት ነው፤ እሱ ግን መግዣ የለውም። አንድ ማታ ቆሻሻ ከሚጣልበት ቦታ አንዲቷን ተጥላ ያገኛታል። ተሸክሞ ቤቱ ይወስዳታል፤ ማብሪያዋን ፍለጋ እዚህም እዚያም ይነካካል፤ በመጨረሻ የሚያገኘው እጁን ሊሰድ በሚያፍርበት ስፍራ ነው። ገጹ የተሣለው ለሳቅ ነው። ልጁ ይቀላል፣ ይርበተበታል፣ አንባቢው ስቆ ያልፋል። ልጅቷ ስትነቃ መናገር የምትችለው «ቺ» ብቻ ስለሆነ ስሟ ቺ ይሆናል።

ስምንተኛው ጥራዝ ላይ ያው ማብሪያ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም። ማብሪያው ማጥፊያም ነው። ሂደኪ እንደ ባል ከቀረባት ቺ የምታውቀውን ሁሉ፣ እሱን ጭምር፣ ትረሳና ሀ ብላ ትጀምራለች። ስለዚህ ልጁ ይመርጣል፦ አብሯት ይኖራል፣ ያንን ግን ይተዋል። ደራሲዎቹ በመጨረሻው ሰዓት አዲስ ጠላት አላመጡበትም፤ አዲስ ሕግም አላወጡም። ያስከፈሉት አንደኛው ጥራዝ ላይ በሳቅ ያሳለፉትን ሕግ ነው። ሳቁ መደበቂያ ነበር፤ አንባቢ የሳቀበትን ነገር መልሶ አይመረምርምና።

መሀል ላይ ደግሞ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ። ይህ ሰው ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለችውን ኮምፒውተር አግብቶ ነበር። ሚስቱ ቀስ በቀስ ማስታወስ እያቃታት ሄደች፤ በኋላም እሱን ልታድን ስትል በመኪና አደጋ ጠፋች። አንባቢ ይህን የሚያነበው የሌላ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ነው። ስምንተኛው ጥራዝ ላይ ሲደርስ ግን «መርሳት» ምን ያህል እንደሚያም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ከዳቦ ቤቱ ሰውዬ ጋር ቀድሞ አዝኗል። ሕጉ በአንደኛው ጥራዝ ተቀመጠ፣ ሕመሙ በመሀል ጥራዞች ታየ፣ ሂሳቡ በመጨረሻው ተጠየቀ። እኔ ከዚህ የተሻለ የአጨራረስ ትምህርት አላገኘሁም።

ይህን ስል እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ስለ ቺ መንታ እህት፣ ስለ ሠሪዋና ስለ ቤት አከራይዋ ብዙ ያብራራሉ፤ ገጸ ባሕርያቱ ቆመው የሚነጋገሩበት ገጽ ይበዛል። ነገር ግን ያንን ማብራሪያ ሁሉ ብታወጡት የልጁ ምርጫ አይነቃነቅም። ይህ ራሱ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻ ጥራዝን የሚያቆመው የእንቆቅልሹ መልስ ሳይሆን እንግዳው ነገር ከሁለቱ ሰዎች የሚወስደው ነው።

የእኛም ታላቅ የፍቅር ታሪክ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው መጨረሻውን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ሬዲዮኑን ከቦ ያዳምጥ ነበር። ሰብለ ወንጌልና በዛብህን የሚለያቸው ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ከጅምሩ እንደ ሕግ ቆሟል፤ ያ ሕግ እስኪከፈል ድረስ አይለቅም። ደራሲው ሕጉን ለልጆቹ ሲሉ አላላሉትም። በሳይንስ ልብወለድ በኩል ደግሞ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አውጥቶ የጣና ገዳማትን ከሕዋ ሳይንስ ጋር አገናኘ፤ «ራማቶሐራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። ከዚያ በኋላ «የአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሳይንስን በተከታታይ አያነብም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከረውም፤ እነዚህን መጻሕፍት በየአዟሪው ክንድ ላይ ማየት ይበቃል።

አሁን የምሠራው ታሪክ የሚካሄደው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የገባው ውኃ በትነት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ምድር ይሰርጋል እንጂ ፈሶ የሚሄድበት የለም። ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያስቸግር ዳሩን ይዞ ግድብ ተሠርቷል፤ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱትም እዚያው ላይ ነው። የታሪኬን ሕግ ያገኘሁት ከዚህ ነው፦ ሐይቁ ዳር የተነገረ ቃል ይገባል፣ አይወጣም። የተናገረው ሰው ቃሉን ይረሳዋል፤ ቃሉ የተነገረለትን ሰውም አብሮ ይረሳል።

አንደኛው ጥራዝ ላይ ሕጉ የሚገባው በሳቅ ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ በዱቤ ይወስዳል። «ጋሼ፣ በሐይቁ ይዤዎታለሁ፣ ነገ ጠዋት ገንዘብዎን አመጣለሁ» ይላል፤ ዞር ሲል ዕዳውንም ሽማግሌውንም ረስቷል። በማግስቱ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ሲመጡ «አባባ፣ ከማን ጋር ተሳስተው ነው?» ይላቸዋል። ከበስተኋላ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሞ ያያቸዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ከምትሰፋ አንዲት ልጅ ጋር ሲዋደድ፣ በመጨረሻው ጥራዝ ምን ማለት እንደማይችል አስተዋይ አንባቢ መገመት ይጀምራል።

ንድፉን ያሳየሁት አንድ ወዳጄ ወዲያው ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ለምን ወንዶ ገነት ሄደው እዚያ አይነግራትም?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ወርቅ ነው። አንባቢ መውጫ ቀዳዳ ካየ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ ያዝንባቸዋል እንጂ አያዝንላቸውም። መልሱን የሰጠኝ ምድሩ ራሱ ነው። የወንዶ ገነት ምንጮች ወደ ጨለለቃ ረግረግ ይወርዳሉ፣ ከጨለለቃ ወደ ጥቁር ውኃ፣ ከጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ። ስለዚህ አንደኛው ጥራዝ ውስጥ ቃል የሌለበት አንድ ገጽ ገባ፦ ወንዶ ገነት ቅጠል ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ትሄዳለች። ሲነበብ መልክዓ ምድር ይመስላል፤ ሥራው ግን በሩን መዝጋት ነው። ቦታው ራሱ እንግዳውን ነገር ሲሸከም ታሪኩ ይጠነክራል። ጁን ማዩዙኪ እ.ኤ.አ. በ2019 በያንግ ጃምፕ መጽሔት የጀመረችው «ኮውሉን ጄኔሪክ ሮማንስ»ም የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እዚያም ፍቅሩንና እንቆቅልሹን ባንድ ላይ የያዘው ሆንግ ኮንግ ውስጥ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረሰው የኮውሉን ሰፈር ነው።

ስለ ገጹ አሠራርም ጥቂት ልበል፤ ፍጻሜ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነውና። አማርኛም ጃፓንኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ምን እንደሆነ፣ አዎ ወይስ አይደለም የሚታወቀው አረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ይህ ለሥዕል ታሪክ ሠሪ ትልቅ ስጦታ ነው። «እኔ አንቺን በሕይወቴ መቼም ቢሆን…» የሚለውን በቀኝ ገጽ የመጨረሻ ሳጥን አስቀምጬ ግሡን ገጹ ሲገለጥ ላሳየው እችላለሁ፤ «አልረሳሽም» ይሁን «አላየሁሽም» አንባቢው ወረቀቱን እስኪገልጥ አያውቅም። የእኔ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ በሙሉ የተሠራው በዚህ ነው፤ ልጁ አረፍተ ነገሩን ይጀምራል፣ ግሡን ይውጠዋል።

ከጃፓኖቹ እንዳለ መቅዳት የማይቻለው ደግሞ የንግግር ፊኛው ነው። እነሱ ከላይ ወደ ታች ስለሚጽፉ ፊኛቸው ረዥምና ጠባብ ነው። የእኛ ቃል ወደ ጎን ይሄዳል፤ «እስክትመለሺልኝም» የሚለውን አንድ ቃል ጠባብ ፊኛ ውስጥ ብታስገቡት ሦስት ቦታ ይሰበራል። ፊኛው ወደ ጎን ሲሰፋ የሰዎቹ ፊት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ አማርኛ ገጽ ላይ ሳጥኑ ቁጥሩ አነስ፣ ስፋቱ ጨመር ማለት አለበት። የገጹም አቅጣጫ አለ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ አንዳንድ ሰው የቀዳውን ገጽ በኮምፒውተር ገልብጦ ፊደል ይጨምርበታል። ሥዕል ሲገለበጥ ቀኝ እጅ ግራ ይሆናል። ልጅቷ ለምትወደው ጉርሻ ስትሰጥ በግራ እጇ ሆኖ ከወጣ ያ ገጽ ለእኛ አንባቢ ፍቅር አይናገርም፤ ስድብ ነው። በአማርኛ የሚሣል ገጽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ ታስቦ መሣል ይኖርበታል።

ዛሬ ብዙው ወጣት የሚያነበው በስልክ ነው። ወረቀት ሲሆን የቀረው ገጽ እየሳሳ መሄዱ ለጣት ይታወቃል፤ ስልክ ላይ ያ የለም፣ መጨረሻው ባልጠበቁት ሰዓት ይመጣል። እኔ ለዚህ የማደርገው ሳጥን መቀነስ ነው። በአንደኛው ጥራዝ ገጹ ስድስት ሰባት ሳጥን ይይዛል፤ ወደ ፍጻሜው ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ይሆናል። የአንባቢው እጅ ሳያውቀው ይዘገያል፤ ታሪኩ እየተሰናበተው መሆኑ ይገባዋል።

በአገራችን የሥዕል ታሪክ እንደሚነበብ መጠራጠር አያስፈልግም። በስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣ፤ «ሐዊ»ም ተከተለች፤ በ«ጀምበር» አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ልዩ ኃይል ሲያገኝ ማየት ለብዙ ልጅ «እኛም እንችላለን» የሚል ሆነ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ እጃቸው የሚያስቀና ልጆች አውቃለሁ፤ የሚያሳዩኝ ሁሌም አንደኛ ምዕራፍ ነው። የሚያምር ልጅ፣ የሚያምር ጭራቅ፣ የሚያምር ከተማ። «መጨረሻው ምንድነው?» ስላቸው «እሱን ሲደርስ አየዋለሁ ጋሼ» ይሉኛል። ሲደርስ አይገኝም። ስትጀምሩ ያላስቀመጣችሁትን ሕግ ስትጨርሱ ልታስከፍሉ አትችሉም።

ስለዚህ ለእናንተ ለምትሥሉት አንድ ነገር እለምናለሁ፦ አንደኛውን ጥራዝ ማተሚያ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት የመጨረሻውን ጥራዝ የመጨረሻ አራት ገጾች ሥላችሁ አስቀምጡ። በኋላ ብትለውጧቸውም ግድ የለም፤ ግን ይኑሩ። እናንተም የምታነቡት፣ ቁጥር 1 የሚል የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ስትገዙ ሻጩን «ቁጥር 2 መቼ ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት።