ሁለተኛው ዓይን፦ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የሚሣሉ የፖለቲካ ካርቱኖች በክፍል ውስጥ

በዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎች የጣና ገዳማት የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ከሓድያንና ጨካኞች በጎን ታይተው አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ይኸው ሥርዐት ወደ ዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ተሻግሮ ወራሪውን ከአርበኛው ለይቶ አሳይቷል። ለባዕድ ወራሪ የተስማማው ዘዴ ወንድማማቾች ለተዋጉበት ጦርነት ይስማማልን? የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀና የ1985ቱ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ከወጣ ወዲህ የፖለቲካ ካርቱን በግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ካርቱን ያለ ማጋነን አይኖርም። ነገር ግን የባለሥልጣንን ድርጊት ማጋነንና የአንድን ሕዝብ መልክ ማጋነን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሒስ ነው፤ ሁለተኛው ስድብ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት አሜሪካዊውን ሠዓሊ ቶማስ ናስትን መመልከት ይበቃል። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃበት በ1865 እ.ኤ.አ. እግሩን በጦርነቱ ያጣ ጥቁር ወታደር በክብር ሥሎ፣ ይህ ሰው የመምረጥ መብት ሊነፈገው ይገባልን ብሎ ጠየቀ። በ1876 እ.ኤ.አ. ግን ያው እጅ፣ በዚያው ሐርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ላይ፣ የደቡቡን ጥቁርና የሰሜኑን አይሪሽ መራጭ መልካቸውን አበላሽቶ በሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። የሠዓሊው ሙያ አልቀነሰም፤ የጎደለው ሁለተኛው ዓይን ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀስቅሷል። ካርቱኑም ዛሬ በእጅ ስልክ ወደ ክፍል ይገባል። በሰባታሚትም ሆነ በሌላ ስፍራ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች ዘመዶቻቸው በተለያየ ጎራ የተሰለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለቱ አንዱ በሥዕሉ ላይ የራሱን ቤተሰብ በአንድ ዓይን ተሥሎ ካየ፣ መምህሩ ከዚያ በኋላ ስለ ሰላም የሚናገረውን አይሰማም።

በመሆኑም ካርቱንን ከክፍል ማገድ መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ ብቻውን ያየዋልና። መምህሩ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስለምድ ይመረጣል፦ የተጋነነው ድርጊት ነው ወይስ መልክ? የተነቀፈው ሥልጣን ያለው ሰው ነው ወይስ አቅመ ቢሱ? በሥዕሉ የተነካው ልጅ በመካከላችን ቢቀመጥ ሥዕሉን ሳናፍር ልናሳየው እንችላለን? የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆችም ለሥነ ጥበብና ለሥነ ዜጋ ትምህርት የሚመርጧቸውን ሥዕሎች አስቀድመው በእነዚህ ጥያቄዎች ሊመዝኗቸው ይገባል።