«ታንክ» እና «ብረት ለበስ»፦ በጦርነት ታሪካችን ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ አርበኝነቱ ዘመን በአማርኛ የሚነገረውንና የሚጻፈውን በጥሞና የሚከታተል አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ጠላት ያሰለፈው በብረት የተሸፈነ ተሽከርካሪ ሁሉ፣ በሰንሰለት ይሂድ በጎማ፣ መድፍ ይጫን መትረየስ፣ አዘውትሮ «ታንክ» በሚል አንድ ስም መጠራቱ ነው። «ብረት ለበስ» የሚለው ቃል ደግሞ አንድ ጊዜ የታንክ አቻ፣ ሌላ ጊዜ ከታንክ የተለየ ነገር መጠሪያ ሆኖ ሲገባ እናያለን። ይህ ልቅነት የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን የታሪኩን ፍሬ እስከ መሰወር ይደርሳል ብለን ስለምናምን ሂሳችንን ለአንባቢያን እናቀርባለን።

በቅድሚያ ልናስወግደው የምንፈልገው አንድ ጥርጣሬ አለ። ተቃውሟችን «ታንክ» ባዕድ ቃል ስለ ሆነ አይደለም። የጦር መሣሪያ ስም ከመሣሪያው ጋር ተሻግሮ መምጣቱ በአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ መትረየስ ሁሉም ከውጭ የገቡ ሲሆኑ ዛሬ ባዕድነታቸው ለተናጋሪው አይታወቀውም። «ታንክ»ም ከእነዚሁ ወገን ነው። እንዲያውም ቋንቋው ቃሉን የተቀበለበት መንገድ የሚያስመሰግን ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ በመሠረቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ማለት ሲሆን፣ ለጦር መሣሪያው የተሰጠው ሥራው በምሥጢር ይያዝ ዘንድ ነበር፤ መሣሪያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጊያ የወጣው በመስከረም 1909 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በሶም ጦር ግንባር ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ማጠራቀሚያውን «ታንከር»፣ መሣሪያውን «ታንክ» ብሎ ሁለቱን ለየ። በዕለት ኑሮው እንዲህ አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ በታሪክ ጽሑፉ የማይለይበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

የጣሊያኖችን የራሳቸውን አሰያየም ብንመለከት ልዩነቱ ግልጽ ነው። «ካሮ አርማቶ» የታጠቀ ሠረገላ፣ «ካሮ ቬሎቼ» ፈጣን ሠረገላ፣ «አውቶብሊንዳ» ደግሞ ብረት የለበሰ አውቶሞቢል ነው። ሦስቱን በአንድ «ታንክ» ስንጠቀልል ወራሪው ራሱ የለየውን እኛ እንደባልቃለን ማለት ነው። የዚህን ድብልቅ ጉዳት ለማሳየት ከጎጃም ጦር ታሪክ ሁለት ውጊያዎችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ፣ ደምበጉና ላይ የተደረገው ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ከጣሊያን ጦር ጋር በተጋጠመ ጊዜ ጠላት ያሰለፋቸው «ፈጣን ሠረገሎች» ነበሩ። እነዚህ ክብደታቸው ከ3 ቶን ጥቂት የሚያልፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የብረት ልብሳቸው ውፍረት ከ15 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሣሪያዎች ናቸው። ዋናው ነገር ግን በላያቸው የሚዞር የመሣሪያ ማማ አለመኖሩ ነው። መትረየሶቻቸው ወደ ፊት ብቻ የተተከሉ ስለ ነበሩ ከኋላና ከጎን የሚመጣውን ሊመቱ አይችሉም ነበር። ወታደሮቻችን ይህን አይተው ከኋላ እየቀረቡ በላያቸው ወጡ፤ በርካቶቹንም ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው።

ይህን ታሪክ «ታንክ ማረኩ» ብለን ብቻ ስንጽፍ ዛሬ አንባቢው የሚታየው ምን ዓይነት ታንክ ነው? ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ቃሉ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚቀሰቅሰው ቲ 55ን የመሰለ፣ 36 ቶን የሚመዝን፣ ማማው በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ መሣሪያ ነው። እንግዲህ አንባቢው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ነገሩን እንደ ተረት ያያል፤ ወይ ተአምር ነው ብሎ ያልፈዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው የወታደሩ ማስተዋል ነው። ጀግንነቱ የጠላትን መሣሪያ ዕውር ጎን ለይቶ፣ በእሳት መካከል ያን ጎን ፈልጎ መግባቱ ነበርና።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በዚያው በጎጃም ምድር የተፈጸመ ነው። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ፣ በማንኩሳ በኩል፣ ዛሬ የፍኖተ ሰላም ከተማ በምትገኝበት መንገድ አድርጎ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። የካቲት 27 ቀን በደምበጫ አቅራቢያ ወንዝ ዳር የጠበቀው፣ በስደት ላይ ከነበሩ ወታደሮች የተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር። ሻለቃው ከእርሱ እጅግ በሚበልጥ ሠራዊት ተጠቅቶ ብዙ ቢጎዳም ሁለት የጠላት ተሽከርካሪዎችን አቁሟል። እነዚህም በጎማ የሚሄዱ ብረት ለበሶች እንጂ ታንኮች አልነበሩም። የተመቱት ቦይስ በሚባለው፣ አፈ ሙዙ 14 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ፣ 16 ኪሎ ያህል በሚመዝን የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። የዚያ ጠመንጃ መደበኛ ስም «ፀረ ታንክ ጠመንጃ» ነው። ጸሐፊው «በፀረ ታንክ መሣሪያ ሁለት ተሽከርካሪ ተመታ» የሚል ሲያገኝ የተመታው ታንክ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የመሣሪያ ስም የተሠራበትን ዓላማ ያመለክታል እንጂ በዕለቱ ያገኘውን ዒላማ አይመሰክርም። የቦታ ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሽሬው ደምበጉናና የጎጃሙ ደምበጫ በላቲን ፊደል ተጽፈው ሲመጡ ለችኩል ተርጓሚ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ስፍራ የብረት ተሽከርካሪ መኖሩ ደግሞ ስሕተቱን ያመቻቻል። ተሽከርካሪዎቹ በየስማቸው ቢጠሩ ኖሮ ቃሉ ብቻውን ቦታውን ባስጠነቀቀ ነበር።

«ብረት ለበስ» ግን እንዴት ያለ ቃል ነው? አሠራሩ እንደ «አገር በቀል» እና እንደ «ልብ ወለድ» ከስምና ከግሥ የተጣመረ፣ ሲሰሙት ትርጉሙ የሚገባ፣ የተዋጣለት ቃል ነው። ጀርመኖች ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት «ፓንሰር»ም ጥንት የተዋጊ ጥሩር ማለት ስለ ነበር የሁለቱ ቋንቋዎች አስተያየት ይገናኛል። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚናገረው ስለ ልብሱ ብቻ ነው፤ ለባሹ ማን እንደ ሆነ አይናገርም። መርከብም ባቡርም ብረት ሊለብስ ይችላልና። ስለዚህ «ብረት ለበስ» የወገን ስም እንጂ የአንድ ዓይነት መሣሪያ ስም ሊሆን አይችልም ባዮች ነን።

ማማ መኖሩንም ብቸኛ መለያ ማድረግ አያዋጣም። ለዚህ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር ጥሩ ምስክር ነው። ጦርነቱ ሲጀመር እንዲህ ያለ ክፍለ ጦር በእግሩ የሚሄድ፣ ከ4,000 የሚበልጡ ፈረሶች የሚስቡለት እንጂ በታንክ የተሞላ አልነበረም። ኋላ ሲረዳው የነበረው «የጥቃት መድፍ» ብረት የለበሰና በሰንሰለት የሚሄድ ሆኖ ማማ የለውም፤ የተመደበውም ከመድፈኛ ወገን እንጂ ከታንከኛ አይደለም። የጣሊያኑ ፈጣን ሠረገላ ማማ ሳይኖረው ከታንክ ወገን ሲቆጠር ይህኛው አልተቆጠረም። መለያው እንግዲህ አካሄዱና የታቀደለት ተግባር በአንድነት ናቸው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ፍቺዎች ለውይይት እናቀርባለን። «ብረት ለበስ» ከጥይትና ከፍንጣሪ የሚከላከል የብረት ሽፋን ላለው መጓጓዣ ሁሉ የወገን ስም ይሁን። «ታንክ» በሰንሰለት ለሚሄድ፣ ፊት ለፊት ገጥሞ ለማጥቃት ለተሠራ ብረት ለበስ ብቻ ይወሰን። እንደ ጣሊያኑ ፈጣን ሠረገላ ያለው ቀላልና ትንሽ ዓይነት «ንኡስ ታንክ» ይባል። በጎማ የሚሄደው «ብረት ለበስ አውቶሞቢል»፣ ለእግረኛ ድጋፍ የሚሰጠው የመድፈኛ መሣሪያ ደግሞ «ብረት ለበስ የጥቃት መድፍ» ይባል።

አባቶቻችን ሁሉንም «ታንክ» ብለው ጠርተውታል፤ እነርሱን ልታርሙ ነውን? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንልም። የአርበኛ ቃል ሲመዘገብ እንደ ተነገረ ይመዝገብ፤ መዝገበ ቃላቱም ይህን ሰፊ አገባብ ከፍቺዎቹ እንደ አንዱ ይያዝ። ጥንቃቄው የሚፈለገው ከታሪክ ጸሐፊው፣ ከተርጓሚውና ከመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ ነው። እነርሱ የተናጋሪውን ቃል ከጠቀሱ በኋላ ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ሊያስረዱ ይገባል። በደምበጉና በላዩ የተወጣበትም ሆነ በደምበጫ በጠመንጃ የቆመው ብረት በልኩ ሲሰየም፣ የተዋጊዎቹ ሥራ አያንስም፤ ይታመናል።