ድንጋዩን አትጨርሱት

ቅሪተ አካል ማጽዳት ሊማር የመጣ ሰው ሁሉ አጥንቱን ፈልቅቆ ለማውጣት ይቸኩላል። እኔ መጀመሪያ የማስለቅመው ፍርፋሪ ነው። ከጎድን አጥንት ሥር የረገፈው ለብቻው፣ ከጅራት ሥር የረገፈው ለብቻው በትንንሽ ፌስታል ይገባል፤ ከየት እንደመጣም ይጻፍበታል። ብዙዎቹ ደስ አይላቸውም። ዳይኖሰር አያለሁ ብሎ መጥቶ ጠጠር መልቀም፣ እውነት ለመናገር፣ አያስደስትም።

እጄ የለመደው ድንጋይ ቺንሊ ይባላል። ጂኦሎጂስቱ ኸርበርት ግሪጎሪ በ1917 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ከአንድ የአሪዞና ሸለቆ ስም ወስዶ ሰየመው። ከአሪዞና እስከ ኒው ሜክሲኮና ዩታ የተዘረጋ፣ ቀይ፣ ሐምራዊና አመድማ መልክ የተፈራረቀበት የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ ነው። በትራያሲክ ዘመን ማብቂያ፣ ከ200 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ ወንዞች እየሞሉ ያነጠፉት ደለል ነው። ያኔ አህጉራቱ ገና አልተለያዩም፤ አካባቢውም ዛሬ ኢትዮጵያ ካለችበት ኬክሮስ ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ ደረቅ የሆነው አገር ያኔ ትልልቅ ዛፍ ያበቅል እንደነበር ድንጋይ የሆኑት ግንዶች ይመሰክራሉ። ከእሳተ ገሞራ አመድ የሟሟ ሲሊካ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ኳርትዝ ሆነ፤ ብረትና ማንጋኒዝ ደግሞ ቀለም ሰጡት። ሰው እየፈለጠ ሲያግዘው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ግንዶቹ ያሉበትን ቦታ አስከለሉት።

ግንዱን ያዳነ አመድ ለእኛ ጣጣ ትቶልናል። አመዱ ሸክላ ሆኗልና የቺንሊ ጭቃ ድንጋይ ልክ እንደ ዋልካ መሬት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው አጥንትም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውሃ ማጠብ የለም። በብሩሽ ጫፍ አልኮል ወይም አሴቶን እናስነካለን፣ ጥቂት እንጠብቃለን፣ ከዚያ መርፌ። ለመጠገኛ የምንወደው ሙጫም በአሴቶን የሚሟሟው ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሥራዬን ካልወደደው ሊያስለቅቀው ይችላል። የማይለቅ ሙጫ የሚያፈስ ሰው አጥንት ባይነካብኝ እመርጣለሁ።

ከመስክ የሚመጣልን ድንጋይ በጀሶ ተጠቅልሎ ነው። አጥንቱ ላይ እርጥብ ሶፍት ይደረጋል፤ በላዩ በጀሶ የተነከረ የጆንያ ቁራጭ ይደራረባል። ሲደርቅ ከሥሩ ተፈልፍሎ ይገለበጥና ሌላው ጎኑም ይለበጣል። በ1947 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጎስት ራንች በተባለ ቦታ ከቺንሊ ድንጋይ የወጡት ትልልቅ ቁራጮች በዚሁ ዘዴ ነበር የተጓጓዙት። ቦታውን ያገኘው የኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ጆርጅ ዊታከር ነው፤ ቁፋሮውን የመሩት ኤድዊን ኮልበርት ናቸው። ሲሎፊሲስ የሚባለው፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ ሥጋ በል ዳይኖሰር በመቶዎች እየተደራረበ ተቀብሮበታል። አጥንቱ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ መርፌው አንዴ ከሳተ አለቀለት።

ከእነዚህ መካከል በሁለቱ አጽሞች ሆድ አካባቢ ትንንሽ አጥንቶች ታዩ። ኮልበርት የገዛ ዝርያው ግልገሎች ናቸው ብለው ጻፉ፤ ሲሎፊሲስም ልጁን የሚበላ አውሬ ተብሎ ስሙ ጠፋ። በ2006 ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን አጽሞች እንደገና አዩ። በአንዱ የሆድ ዕቃ ውስጥ የነበረው የአዞ ዘመድ የሆነ ትንሽ እንስሳ ሆኖ ተገኘ። በሌላው ደግሞ ትንንሾቹ አጥንቶች ከጎድኑ ውጭ፣ ከሥሩ የተጨፈለቁ እንጂ ከሆዱ ውስጥ አልነበሩም።

እንዲህ ያለ ክርክር የሚፈታው አጥንቱ ከጎድኑ በላይ ነው ወይስ በታች፣ መካከላቸውስ ምን ያህል ደለል አለ በሚለው ነው። አንድ ትጉህ አጽጂ ለኤግዚቢሽን እንዲያምር ብሎ ሁሉንም ፈልቅቆ በየሳጥኑ ቢደረድረው ኖሮ፣ ስሙን የሚያነጻለት አይገኝም ነበር። እኔ የተጋለጠ አጥንት ብዛት አያስደንቀኝም። ግማሹ ድንጋይ ውስጥ የቀረ አጽም ሳይ ሠሪው ሙያውን እንደሚያውቅ እገምታለሁ።

የእኛዋ የሕፃን ቅሪተ አካል ሰላምም ምስክር ናት። ዲኪካ ላይ በ2000 ተገኝታ በ2006 ይፋ እስክትሆን ድረስ ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከአሸዋ ድንጋዩ ጥቂት በጥቂት ሲያላቅቋት ዓመታት አለፉ። ከምላስ ሥር ያለችው ስስ አጥንት፣ ሃዮይድ፣ ሳትጠፋ የተገኘችው በዚያ ትዕግሥት ነው።

ከሙገር ጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ በዓባይ ሸለቆና በገባሮቹ ገደሎች ገና ያልታየ ብዙ ድንጋይ አለ። እዚያ የምትኖሩ፣ ለጉብኝትም የምትሄዱ፣ ከድንጋይ ውስጥ አጥንት የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ካያችሁ አትፈልቅቁት፣ አትጠቡት። አጠገቡ ብዕር ወይም ሳንቲም አስቀምጡና ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በቅርብ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ድንጋዩን ለእኛ ተዉልን።