«አስመሳይ»፣ «መሣሪያ» እና «ብቃት»፦ በበረራ ሥልጠና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ስያሜ የሚመዘነው ለጆሮ በሚሰጠው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ የባለሙያው ሐሳብ ሳይዛነፍ ለአንባቢው መድረሱም መረጋገጥ አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አነስተኛ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ችሎታቸው እንዳይዝግ የሚያደርጉትን ልምምድ የሚመለከቱ አራት ስያሜዎችን ነው። ምሳሌዎቻችንን ከአሜሪካ ወስደናል፤ ይህ ዓይነቱ በረራ በስፋት የሚካሄደውና ደንቡም በዝርዝር የተጻፈው በዚያ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ «የግል አብራሪ» የሚለውን እንመልከት። «የግል ሾፌር» ሲባል ባለመኪናው ቀጥሮ የሚያሠራው ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ «የግል አብራሪ»ም ለአንድ ባለጸጋ ተቀጥሮ የሚያበር ሰው ይመስላል። የደንቡ ፍቺ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይህ ፈቃድ ያለው ሰው በደመወዝ ተቀጥሮ ማብረር አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ለግሉ የሚያበር» ቢባል ቃሉ ቢረዝምም ፍቺው ይቃናል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የአየር መንገድ አብራሪ በድርጅቱ መርሐ ግብር በየጊዜው እየተጠራ ይሠለጥናል፤ ለግሉ የሚያበረው ሰው ግን ልምምዱን በአብዛኛው የሚቆጣጠረው ራሱ ነው።

ሁለተኛው «የመሣሪያ ሥልጠና» ነው። ይህን ያነበበ ሰው ጠመንጃ ቢታየው አይፈረድበትም። የተፈለገው ግን ሰማይና ምድር በደመና ሲጋረዱ፣ በአብራሪው ፊት የተደረደሩትን ጠቋሚዎች ብቻ እያነበቡ መብረር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ ይህን ሥልጠና ያላገኙ 20 አብራሪዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው ሲያበሩ አንድም ሳይቀር አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተስኗቸዋል፤ ለዚህም በአማካይ የፈጀው 178 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በበኩላችን የምናቀርበው «በጠቋሚ መሣሪያ መብረር» የሚለውን ነው። «ጠቋሚ» ለብቻው ነገር አቀባይን፣ «መሣሪያ» ለብቻው ጠመንጃን ያስታውሳል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አንዱ የሌላውን ጥርጥር ያነሣል።

ሦስተኛው፣ በምድር ላይ ሆኖ በረራን መለማመጃ ለሆነው መሣሪያ የሚሰጠው ስያሜ ነው። «ሲሙሌተር» የሚለው የውሰት ቃልና «ምስለ በረራ» ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል፤ «አስመሳይ» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። «አስመሳይ» ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የአድራጊ ስም ሆኖ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰውን ሲነቅፍ ስለኖረ፣ መሣሪያው ገና ስሙ ሲጠራ ይታማል። ታሪኩ የሚያስረዳው ደግሞ ሌላ ነው። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ በ1929 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያውን ዝነኛ ማሠልጠኛ የሠራው በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ በለመደው የወናፍ ዘዴ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ ሲያመላልሱ በክፉ አየር ካለቁ በኋላ፣ ጦሩ 6 ማሠልጠኛዎችን ገዛ። በደመና ውስጥ አብራሪውን የሚያታልለው የገዛ ውስጠኛ ጆሮው ነው፤ እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ያስመስልበታል። አስመሳዩ እንግዲህ ጆሮው እንጂ ማሠልጠኛው አይደለም።

ስለዚህ ለድርጊቱ «ምስለ በረራ»፣ ለዕቃው «የምስለ በረራ ማሠልጠኛ» ቢባል እንመርጣለን። «ምስል» የሚለው ቃል ወሰኑንም ያመለክታል፤ የማይንቀሳቀስ ማሠልጠኛ ዓይንን ጠቋሚ በማንበብ፣ እጅንም በሥርዐት ያለማምዳል እንጂ የጆሮን ማታለል አያመጣም። በተጨማሪም የአሜሪካ ደንብ ማሠልጠኛዎችን በሦስት ዐይነት ይለያል፤ በባለሥልጣኑ ያልጸደቀ የቤት ኮምፒውተር ጨዋታ ግን ከአንዱም አይቆጠርም። ተርጓሚው ሁሉንም «ሲሙሌተር» ካላቸው፣ አንባቢው በቤቱ የተጫወተው ሁሉ በደንቡ የሚቆጠርለት ይመስለዋል።

አራተኛው «ብቃት» ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበንም እርሱ ነው። የእንግሊዝኛው ሙያዊ አነጋገር ሁለት ቃላት አሉት፤ አንዱ አብራሪው ደንቡ የሚጠይቀውን ልምምድ በቅርቡ መፈጸሙን፣ ሌላው በእርግጥ መቻሉን ይገልጻል። በደንቡ መሠረት አብራሪው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ 6 ጊዜ በጠቋሚ መሣሪያ እየተመራ ወደ ማረፊያ መቃረብ፣ በአንድ ስፍራ እየዞረ ተራ መጠበቅ፣ የተሰጠውን የበረራ መስመርም አግኝቶ መከተል ይኖርበታል። ይህንም በጸደቀ ማሠልጠኛ ሊፈጽመው ይችላል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ አሠልጣኝ አጠገቡ መቀመጡ ግዴታ አይደለም። እንግዲህ ከአምስት ወር በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም ጨርሶ፣ ከዚያ ወዲያ ጠቋሚ ያልተመለከተ ሰው ደንቡን አሟልቷል። ዛሬ ደመና ውስጥ ቢገባ ግን ይችል እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረንም። ሁለቱንም «ብቃት» የሚል ተርጓሚ ለዚህ ሰው «ቆጥረሃልና ትችላለህ» ብሎታል። ደንቡ ያላለውን ትርጉሙ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው «የቅርብ ጊዜ ልምምድ» እንዲባል፣ «ብቃት» ግን ለእውነተኛው ችሎታ ብቻ እንዲጠበቅ እናሳስባለን። የውሰት ቃል ይበቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። ለዕቃ ስም ክርክራቸው ያስኬዳል፤ «ሲሙሌተር»ም በንግግር ቢቀጥል አንቃወምም። ሁለት ተቀራራቢ ሐሳቦች ሲለያዩ ግን ልዩነቱ በአንባቢው ቋንቋ መገለጽ አለበት፤ አለዚያ ቃሉ ይገባል፣ ሐሳቡ ውጭ ይቀራል። ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ ያላቸው የበረራ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች ከነማስረጃው ቢያቀርቡ፣ የእኛን ትተን የእነርሱን ለመቀበል ዝግጁዎች ነን።