ነጥብ ገንዘብ አይደለም

ተማሪ በብዙ ድካም ያገኘውን ነጥብ ሊያከብረው ይገባል። ነገር ግን ነጥብን ማክበር ሌላ ነው፤ እንደ ገንዘብ ቈጥሮ «ከሁሉ የተወደደውን ዕቃ ልግዛበት» ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ምህንድስና ለመማር በሚሹ ወጣቶች ዘንድ ልማድ የሆነው፥ እኔም ልነቅፈው የተነሣሁት፥ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ሀገር አቀፍ ፈተና ካለፈ በኋላ የሚሻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በተርታ ይመርጣል፤ ሲገባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ቀጥሎም ዲፓርትመንት ይመርጣል። ቦታው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ በሆነ ጊዜ ነጥቡ ከፍ ያለው ይቀድማል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ለጥቂት ቦታ መለኪያ ያስፈልጋልና። ክፋቱ የሚጀምረው ተማሪው መለኪያውን መካሪ ሲያደርገው ነው። ነጥብ በር ይከፍታል እንጂ «በየትኛው በር ግባ» ብሎ አይመክርም።

ማሽን ፈትቶ መግጠም የሚወድ፥ ነጥቡም ከፍ ያለ አንድ ልጅ አለ እንበል። ጓደኞቹ «ይህን የመሰለ ነጥብ ይዘህ መካኒካል ትገባለህን? ውጤትህ ይባክናል እኮ!» ይሉታል። እርሱም አፍሮ ወረት ወዳለበት ዲፓርትመንት ይሄዳል። ነጥቡ ዝቅ ያለውን ደግሞ «አንተማ የተረፈው ይደርስሃል» ይሉታል። እንግዲህ የመጀመሪያው የማይወደውን በኩራት ይማራል፤ ሁለተኛው የደረሰውን ሳያውቀው ይጠላዋል። ሁለቱም አምስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት የሚጀምሩት በሰው አፍ ተመርተው ነው።

በእርግጥ ወጣቶቹ ነጥባቸውን እንዲህ ቢሳሱለት አይፈረድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ያለፈበትን ነገር እንደ ወርቅ ቢይዘው አይደንቅም። ሆኖም ወርቅ የሚያምረው ለሚስማማው ሰው ሲሠራ ነው።

የዚህ ልማድ ሥር ግን ከፈተናው ይልቅ የረዘመ ነው። አባቶቻችን ማረሻ የሚሠራላቸውን ቀጥቃጭ ብለው፥ ልብስ የሚያለብሳቸውን ሸማኔ ብለው ይሰድቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ከአፍ ወጥቶ በምርጫ ቅጽ ላይ ሰፍሯል፤ እጅ የሚያቈሽሽ የመሰለው ሙያ ሁሉ ወደ ተርታው ግርጌ ይወርዳልና።

ነገሩን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ወጣት ወደ ሜክሲኮ ይሂድ። በዚያ ከራሱ በላይ በድልድይ የተዘረጋ ሐዲድ ያያል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የብዙ ሙያ ልጅ ነው። ምሰሶውን የሲቪል መሐንዲስ፥ 750 ቮልት የሚያስተላልፈውን ሽቦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፥ መንኰራኵሩንና ፍሬኑን የመካኒካል መሐንዲስ ያስብለታል። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲሄዱ የሚገኘው ቀጣይ ጣቢያ ተግባረ ዕድ ይባላል፤ ስሙም በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ታዲያ በ2015 ዓ.ም. ከ41 ባቡሮች አብዛኞቹ ቆመው የታዩት ለምን ነበር? አዲስ ነገር የሚፈለስፍ ሊቅ ጠፍቶ አልነበረም፤ መለዋወጫ ታጥቶ ነው እንጂ። አንድ ጎማ በጊዜው ሳይለወጥ ሲቀር፥ የተናቀው ሙያ ዋጋ በተሳፋሪው ሰልፍ ርዝመት ይለካል።

«የደኻ ልጅ ነኝ፤ ዝንባሌን ሳይሆን እንጀራን ነው የምመርጠው» የሚለኝ ወጣት ይኖራል። ይህ እውነተኛ ቃል ነው፤ እናትና አባቱን ለመጦር የሚያስብ ልጅ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን እንጀራውንም ቢሆን ወረት አያስተማምነውም። መንገድና የጋራ መኖሪያ ቤት በብዛት በሚሠራበት ዘመን ሁሉም ሲቪል፥ ሲቪል ይል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሶፍትዌር፥ ሶፍትዌር ይባላል። ዛሬ የሚመርጥ ልጅ ሥራ የሚፈልገው ከዓመታት በኋላ ነውና ያን ጊዜ የሚነግሠው ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? በሙያው የበረታ ሰው ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ እንኳ የሚፈልገው አያጣም። «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» እንዲሉ።

እንግዲህ፥ ወጣት ሆይ፥ ቅጹን ከመሙላትህ በፊት ሦስት ነገር አድርግ። አንደኛ፥ ነጥቡን ካገኘህ በኋላ እንኳ መልሰህ ልትሠራው የተመኘኸው ጥያቄ የየትኛው ትምህርት እንደ ነበረ ለራስህ መልስ። ሁለተኛ፥ የየዲፓርትመንቱን የትምህርት ዝርዝር አንብብ፤ ከተመረቁትም አንዱን ፈልገህ ስለ ደመወዙ ሳይሆን ጧት ገብቶ እስኪወጣ ምን ሲሠራ እንደሚውል ጠይቀው። ሦስተኛ፥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫህን እንደ መጀመሪያው ተጨንቀህ ጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚደርሰው እርሱ ነውና፥ አስቦ የጻፈውን ያገኘ ሰው ተረፈኝ አይልም።

ወላጆችም ልጃችሁን «ምን ደረሰህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ምን ትወዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ነጥቡ በመዝገብ ቤት ተጽፎ ይቀራል፤ ሥራው ግን እስከ ሽበቱ ድረስ ዕለት ዕለት አብሮት ይነሣል።