በእጅ የተሳለ የዘር ሐረግ

ቀንድ አውጣዎችን በቅርፊታቸው ብቻ የመደበ ሰው ቶሎ ይሳሳታል፤ ቆብ የመሰለው ቅርፊት ዝምድናቸው በራቀ ወገኖች ላይ ደጋግሞ ብቅ ብሏል። ሐረጉ ከጥንት ጀምሮ ሲመዘዝ ያየ ምስክርም የለም። ጆሴፍ ካሚን ግን ምስክር ያለው ዓለም በእጁ ሠራ።

ካሚን በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የመዥገርና የዘመዶቿ አጥኚ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የትም የሌሉ 77 ፍጥረታትን ሣለ፤ 29ኙ “በሕይወት ያሉ”፣ 48ቱ “ቅሪተ አካል”። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ።

እኔን የሚያስደንቀኝ አሣሣሉ ነው። አንዱን ሥዕል ከሥር ያደርግና ሌላ ወረቀት ደርቦ ይገለብጠዋል፤ ሊለውጠው ካሰበው በቀር እያንዳንዱ መስመር እንዳለ ይተላለፋል። ጣት ያጥራል፣ ጥፍር ይወጣል፤ የቀረው አካል የአያቱ ነው። ውርስን በወረቀት ላይ ከዚህ በተሻለ የሠራ አላውቅም። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን 77 አስገራሚ ጭራቆችን እንደመጣለት ይሥል ነበር፤ መልካቸው ቢመሳሰል እንኳ ዘመድ አይሆኑም።

ሥዕሎቹ ሐረጉን ራሳቸው እንዲያወጡ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ይሰጣሉ፤ ወጥመዱም ረቂቅ ነው። ጥፍር በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ለየብቻው ይበቅላል። ተማሪው ጥፍራሞቹን ሰብስቦ በአንድ ወገን ያስቀምጣል፤ ቅሪተ አካላቱን በዕድሜያቸው ሲደረድር ግን የሠራው ቤተሰብ ዓይኑ እያየ ይፈርሳል። የሌሊት ወፍ ከወፎች ወገን እንዳልሆነች ሲነገረው አድጓል፤ እዚህ ግን የሰማው መልስ ስለሌለ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

ካሚን ሥዕሎቹን ሐረጋቸውን እንዲገምቱ ለባልደረቦቹ ሲሰጥ የለውጡን ሕግ ለራሱ ይዞ ነበር። ወደ እውነተኛው ሐረግ ይበልጥ የተጠጉት ግምቶች ከሁሉ ያነሰ የለውጥ እርምጃ የሚጠይቁት ሆነው ተገኙ። ከባልደረባው ከሮበርት ሶካል ጋር በ1965 ያሳተሙት የሐረግ አወጣጥ ዘዴ ከዚህ ተነሣ። ካሚን በ1979 አረፈ፤ ሶካል ፍጥረታቱን የተመለከቱ ተከታታይ ጽሑፎችን በ1983 አወጣ።

ፍጥረታቱ አንድ የሚጎድላቸው ነገር አለ፤ መኖሪያ። ጥፍሩ ምን እንደሚይዝ፣ ዓይን ያጣው በጨለማ ይኑር አይኑር ሥዕሉ አይናገርም። ተማሪዎች ይህን ከራሳቸው ሊሞሉ ይቸኩላሉ፤ መምህሩ ለጊዜው ቢከለክላቸው እመርጣለሁ። ይልቅ ጥራት ያለው ቅጂ ይስጣቸው፤ በፎቶኮፒ የጠፋች አንዲት ነቁጥ አንድ የዝምድና ማስረጃ ናት።