በጋቢ የሚጠቀለል ቡሆ

በወገዳ ከተማ ነሐሴ ብርድ ነው። ስለዚህ በቡሄ ዋዜማ የድፎ ዳቦው ቡሆ እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ያድራል። እናት በየመሃሉ ገልጣ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ ተመልሶ ከተነፋ ኩፍ ብሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ የኮባ ቅጠል ይመጣል። ደረቁን ከታጠፈ ስለሚቀደድ መጀመሪያ ወላፈን ያስነኩታል፤ ወዲያው ይለሰልሳል፣ አረንጓዴውም ይደምቃል። ምጣዱ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከላይ ሌላ ምጣድ ተደፍቶ ፍም ይጫንበታል፤ እሳቱ ከታችም ከላይም ነው። ያ የኮባና የዱቄት ሽታ ከጓዳ አልፎ ደጅ ሲደርስ፣ ለእኔ በዓሉ የገባው ያኔ ነው።

ስዊድኖችም በታኅሣሥ ጨለማ ለሉሲያ በዓል በሳፍሮንና በቅቤ ቢጫ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። የእኛ የቡሄ ድፎ ግን ፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤም ወተትም እንቁላልም አይነካውም። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፤ በቃ። ከእነዚህ ብቻ ያን ጣዕም ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው፤ ሙያውም ያለው እሳቱን በመመጠን ላይ ነው።

ሲበስል ቅጠሉ ይላጣል። የኮባው መስመር አንድ በአንድ ቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ነሐሴ 13 አባት ባርኮ ይቆርሰዋል፤ ደጅ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆችም ትኩስ ሙልሙላቸውን ከእጅ እጅ እያገላበጡ ወደ ጎረቤት ይሮጣሉ።